በጭብጨባ የሚነሳ ዥዋዥዌ

ደሴ፣ ገበያ መሃል ቆሜ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር ስልኬ የጮኸው። የደወለው መካነ ሰላም ከተማ አብሮን ያስተምር የነበረ ሰው ነው። «ሰይድ ፊዚክሱ ዐረፈ፤ ትናንት ቀበርነው» አለኝ። የያዝኩትን ሽንኩርት መልሼ አስቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አልደነገጥኩም፤ ኩላሊቱ እንዳልሆነለት ሰምቼ ነበር። ያናደደኝ ቀጥሎ የነገረኝ ነው። «ትምህርት ቤቱ የመታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጅቷል። ንግግር የሚያደርጉት አቶ እንድሪስ ናቸው።»

እንድሪስ እኔና ሰይድ አብረን ስናስተምር ዳይሬክተራችን ነበር። አሁን ዞን ገብቷል፤ መኪናና ሹፌር ተሰጥቶታል አሉ። የሰይድን የዕድሜ ልክ ምኞት በገዛ አፉ የቀበረ ሰው አሁን ደግሞ ሬሳው ላይ ቆሞ ሊያመሰግነው ነው። ሽንኩርቱንም ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሚኒባስ ላይ ተሳፍሬ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ስሄድ፣ መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ብርዱ ጆሮዬን እየበላው፣ መንገዱን ሙሉ የማስበው ሰይድን ነበር።

ረዥም፣ ቀጭን፣ የኮቱ ኪስ በጠመኔ ዱቄት የነጣ ሰው ነበር። አባቱ ወግዲ በኩል ቁርአን የሚያቀሩ ሼህ ናቸው። እሱም በልጅነቱ ከሳቸው ዘንድ ሲቀራ አድጎ፣ ኋላ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪውን በፊዚክስ ይዞ መጣ። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «አልሐምዱሊላህ፣ እየተወዛወዝኩ ነው» ይላል። ያገኘውን ነገር ሁሉ በጥፍሩ ይመታል። የሻይ ብርጭቆ፣ የቢሮ በር፣ የአጥር ብረት፣ ምንም አይቀረው። መትቶ ጆሮውን ያስጠጋና ይሰማል።

«ሁሉም ነገር የሚወዛወዝበት የራሱ ልክ አለው» አለኝ አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን። «አንተም አለህ፣ ወላሂ! ያንተ ቶሎ ነው። ትንሽ ከነኩህ ትነሳለህ።»

እኔ አማርኛ ነበር የማስተምረው። የቄስ ልጅ ስለሆንኩ «የቄሱ ልጅ» ነበር የሚለኝ። ስለ ቁጣዬ የተናገረው ትክክል ነው፤ አሁንም አልተሻለኝም።

ያ ዘመን የፕላዝማ ዘመን ነበር። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ ከሩቅ ቦታ አንድ ሰው በማይያዝ እንግሊዝኛ ትምህርቱን ያወርደዋል። መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ እንደ ተማሪ ያያል። ሰውየው «ገባችሁ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሳይጠብቅ «ጎበዞች!» ብሎ ይቀጥላል። ተማሪው ምንም አልገባውም፤ ቢገባውም የሚነግረው ሰው የለም። አራት ዓመት የተማረ መምህርን የቴሌቪዥን ማብሪያና ማጥፊያ ማድረግ እንደ ሥልጣኔ ይወራ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ሲታወሰኝ ያስጠላኛል። ሰይድ ግን ሳይጨቃጨቅ ድምፁን ያጠፋውና፣ ሰውየው ያለ ድምፅ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እሱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያስረዳል። ልጅ ፈተና ወድቆ ሲያለቅስ ካየ «አብሽር! የልክህን ምት አላገኘንም እንጂ አንተ ትነሳለህ» ይላል።

እንድሪስ ድምፁ የጠፋውን ፕላዝማ በመስኮት አይቶ ያልፍና በስብሰባ ላይ «አንዳንድ መምህራን ቴክኖሎጂውን ለማደናቀፍ…» ይል ነበር። አንዳንድ መምህራን የሚባለው ሰይድ ነው።

ሰይድ ልቡን የሰጠው ነገር ግን መካነ ሰላም ውስጥ ማንም አይቶት የማያውቀው ነገር ነበር። እሱም ራሱ አላየውም።

«ይኸውልህ» አለኝ፣ ጣቱን በሻይ ነክሮ ጠረጴዛው ላይ ክብ እየሣለ። «ከጥፍርህ ያነሰች ቀጭን ብረት ነች። ታቀዘቅዛታለህ። አቀስታ ውርጭ ሲጥል የምትለው ብርድ ለእሷ እሳት ነው። የመጨረሻው ብርድ አጠገብ ስታደርሳት ሱፐርኮንዳክተር ትሆናለች፤ ኤሌክትሪኩ ያለ ምንም ድካም ወዲያና ወዲህ ይላል። ዥዋዥዌ ነው። ልጅ ያልተቀመጠበት ዥዋዥዌ።»

«ማን ይገፋዋል?»

«ማይክሮዌቭ። የሬዲዮ ሞገድ ዘመድ ነው፣ ከሱ የፈጠነ። ዋናው መገፋቱ አይደለም፤ ማንም ይገፋል። ምቱን መጠበቅ ነው ሥራው።»

ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን ዥዋዥዌውን የሰቀለ ቀን ነው። የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥድ ነበር። መብራት ጠፍቶ ፕላዝማው ዝም ባለበት ቀን፣ ከገበያ ያመጣውን ገመድ ቅርንጫፉ ላይ አሰረና ክፍሉን ይዞ ወጣ። ነፃ ክፍለ ጊዜ ስለነበረኝ እኔም ከኋላ ቆሜ አየሁ። ኮቱን አወለቀ፣ የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከተተ፣ ሳንቃው ላይ ቆመ።

«ማንም እንዳይነካኝ። አጨብጭቡ ብቻ። በያንዳንዱ ጭብጨባ ከጉልበቴ እነሳለሁ።»

ልጆቹም የሚያውቁትን አጨበጨቡ። የኛ አገር ልጆች ዥዋዥዌ ላይ የሚያጨበጭቡት ነው፤ አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ለስለስ ያለ። ሠርግ ላይ አለ፣ መንዙማ ላይ አለ፣ ሜዳ ላይ ጨዋታም ላይ አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም እጁ ከልጅነቱ ለምዶታል። ሰይድ መጀመሪያ ጉልበቱን ትንሽ ብቻ ሸብረክ አድርጎ ተነሳ። ዥዋዥዌው ንቅንቅ አላለም።

«አያችሁ? ጉልበቴን ገመዱ በላው። አሁን ገመዱ ከሚበላው የበለጠ ጨምረን ደፉን እንለፍ።»

ጠለቅ ብሎ ቁጢጥ እያለ ይነሳ ጀመር። ዥዋዥዌው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ማንም ሳይገፋው ተነሳ፣ እያደገ እያደገ ሄደ። ሄዶ እስኪመለስ ሁለት ጭብጨባ። ልጆቹ ጮኹ።

«በጠንካራው ጭብጨባ ወደየት ነው የምሄደው?»

«ወደ በሩ!»

አቆመና እንደገና ከዝምታ ጀመረ። ጭብጨባው ያው ነው፣ ጉልበቱ ያው ነው። በዚህኛው ዙር ግን ጠንካራው ጭብጨባ ሲመጣ የሚሄደው በተቃራኒው፣ ወደ ሽንት ቤቱ ሆነ። አንዲት ተማሪ፣ መዲና የምትባል፣ «መምህር፣ የትኛውን እንደሚሆን ማን ይወስናል?» አለችው።

ፊቱ እንዴት እንደበራ! እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቅ ፊቱ የሚሆነውን ሳላየው መቅረት አልፈልግም ነበር።

«እዚህ ነፋሱ ይወስናል፤ የጉልበቴ መንቀጥቀጥ ይወስናል። ያቺ ቀዝቃዛ ብረት ውስጥ ግን ነፋስ የለም፣ ጉልበት የለም። ኳንተም የሚሉት እዚያ ነው የሚመጣው። እዚያ ጨርሶ ዝም ማለት ክልክል ነው። ያ የማይጠፋ ትንሽ መንቀጥቀጥ ያስጀምረዋል። ቀስ ብለሽ በጥንቃቄ ከነዳሽው ደግሞ ወደ በሩም፣ ወደ ሽንት ቤቱም ነው የሚሄደው።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም፣ ባንድ ጊዜ። ወሬ እስካልወጣ ድረስ። ወደየት እንደሚሄድ የምትናገር አንዲት ትንሽ ነገር ከውስጥ ወደ ውጭ ካመለጠች አለቀ፤ አንዱን ብቻ ይሆናል። ይኼ ነገር ወሬ አይችልም።»

ልጆቹ ሳቁ። እንደገና ወጣና «አጨብጭቡ!» አለ።

እሱ የደከመበት ጥያቄ ከዚህ የቀጠለ ነበር። አንዱን መንገድ የያዘው ዥዋዥዌ አንዳንድ ጊዜ ማንም ሳይነካው ወደ ሌላው ይገለበጣል። አነዳዱ ሲለዋወጥ ሳይገለበጥ የሚቆይበት ጊዜ እንዴት ይለዋወጣል? ይህን በሒሳብ ብቻውን ሠርቶት ነበር። ገጹ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሻይ ጠጥተው በሚመለሱበት ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ፣ ውጭ አገር ላለ አንድ ምሁር ላከለት። ሰውየውም «ብረቷ እኛ ዘንድ አለች፤ ና አብረን እንየው» ብሎ መለሰለት። የትምህርት ቦታም ተያዘለት። ሰይድ ያን ሰሞን ግድግዳ እየመታ የሚሰማውን እንኳ ረስቶ ነበር። የአገልግሎት ግዴታውን ጨርሷል። የቀረው ዲግሪውን አስሮ የያዘው ጽሕፈት ቤት መልቀቂያ እንዲሰጠው ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚፈለገው የግምገማ ውጤቱ ነበር።

እንግዲህ ያን የዥዋዥዌ ቀን፣ ጭብጨባው በደመቀበት ሰዓት፣ ከክልል የመጣ የሱፐርቪዥን ቡድን ከእንድሪስ ጋር በበሩ ገባ።

ክራቫት ያሰረ መምህር ጥድ ላይ ተንጠልጥሎ ቁጢጥ ብድግ ይላል፣ ተማሪው ያጨበጭባል። የቡድኑ መሪ ቆሞ አየ። «ይህ ምንድን ነው?» አለ። ከጀርባው አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ «የመንዙማ ጭብጨባ ነው» ብሎ በጆሮው ሹክ አለው። ወሬ ወጣ።

መንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ በዚያ ጊዜ ምን ማለት እንደነበር ለደረሰበት ሰው አይነገርም፤ እንጀራ የሚያሳጣ ክስ ነበር። በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ግምገማ ተጠራ። ግምገማ የሚባለውን ነገር አስታውሼ የማልጸየፍበት ቀን የለም። አብሮህ ሻይ የጠጣ ሰው ተነስቶ፣ ዓይንህን ሳያይ፣ «ጓዱ ጥሩ ጎን አለው፣ ነገር ግን…» ይላል። ከ«ነገር ግን» በኋላ የሚመጣውን ደግሞ ራሱም አያምነውም።

የቡድኑ መሪ ሰይድን አስነሳው። «ጭብጨባው የምንድን ነው?»

«የዥዋዥዌ ነው።»

«መንዙማ ነው ተብሏል።»

«መንዙማም ላይ ይጨበጨባል፤ ሠርግም ላይ ይጨበጨባል። እኛ ቃል አላወጣንም። ምት ፈልጌ ነው፣ ለትምህርቱ። ምት ካልተጠበቀ ዥዋዥዌው አይነሳም።»

አላስቻለኝም፤ ተነሳሁ። «እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ይህንን እያጨበጨብኩ ነው ያደግሁት። ሰልሜያለሁ ማለት ነው?» አልኩ። ሰው ሊስቅ ጀመረና መሪው ቀና ሲል ሳቁን ዋጠው። እኔም «መድረኩን አትረብሽ» ተባልኩ።

ሰይድ አልተቆጣም። በዚያ ሁሉ መሃል የተማመነበት አንድ ነገር ነበረው። «አቶ እንድሪስ ያውቁታል» አለ። «የዚሁ አገር ልጅ ናቸው፤ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እሳቸውን ጠይቁልኝ፣ እሳቸው ያሉት ይሁን።»

ሁላችንም ወደ እንድሪስ ዞርን። እንድሪስ ወግዲ፣ ከሰይድ አባት ከሼሁ ሰፈር ልጆች ጋር በየመውሊዱ ሲያጨበጭብ ያደገ ሰው ነው። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። «አዎ፣ የልጆች ጭብጨባ ነው» ቢል ኖሮ መሪው ራሱ ምሳው ደርሶበታልና ፋይሉን ዘግቶ ይነሳ ነበር። እንድሪስ ከፊቱ ያለውን የታሸገ ውኃ ከፈተ፣ ጠጣ፣ ክዳኑን መልሶ አጠበቀ።

«እኔ እንዲህ ያለ ጭብጨባ አላውቅም» አለ። «ሰምቼውም አላውቅ።»

ሰይድ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጥፍሩ የወንበሩን ክንድ አንዴ መታ፤ ጆሮውን ግን አላስጠጋም።

ብዙ ክፉ ሰው አይቻለሁ። ሰው ተርቦ ሲሰርቅ፣ ፈርቶ ሲዋሽ አይቻለሁ፤ ይገባኛል። እንድሪስ ግን የራበውም የሚያስፈራውም አልነበረም። ዞን የሚባል ወንበር ብቻ አምሮት ነው። ለዚያ ወንበር ሲል የገዛ እጁን ካደው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጨብጠኝ እጄን የምታጠብ ሰው ሆንኩ። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ እውነቴን ነው፣ ቧንቧው ጋ ሄጄ እታጠብ ነበር።

ሰይድ «ለተጨማሪ ክትትል» ተባለ። መልቀቂያው ቀረ፣ የተያዘለት ቦታም ለሌላ ተሰጠ። በዓመቱ ጠየቀ፤ ገና ክትትል ላይ ነህ ተባለ። ጥዷንም እንድሪስ «ለተማሪዎች ደኅንነት» ብሎ ቅርንጫፏን አስቆረጣት።

በዒድ ሰይድ ወግዲ ወስዶኝ አባቱ ቤት ተጋበዝኩ። ሼሁ ያኔውኑ ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ከምሳ በኋላ ልጃቸውን፣ «ሰይዴ፣ ይኼ የምትለው ብረት ውስጥ ያለው ነገር በዓይን ይታያል?» አሉት።

«አይታይም፣ አባባ።»

«እና እነዚያ ሰዎች የቀሙህ የማይታይ ነገር ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ሼሁም፣ «እንግዲያስ ዳኝነቱም ከማይታየው ነው፤ አላህ ይየው» አሉ። እኔ በዚህ አልረካሁም። ሰይድ ግን የአባቱን እጅ ስሞ ተነሳ።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ወደ ደሴ ከመዛወሬ በፊት፣ አንድ ከሰዓት እየሮጠ መጣ። ሰይድ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። «ታየ እኮ!» አለኝ። «ምኑ?» «መገለባበጡ! ሌሎች ሠርተውት አወጡት፤ ኢንተርኔት ላይ አነበብኩት። እኔ በወረቀት ያልኩት መሥመር ላይ ነው የተቀመጠው። ልክ ነበርኩ፣ የቄሱ ልጅ! ደስ አይልም?»

«አይልም!» አልኩት። «ምኑ ነው ደስ የሚለው? አንተ ማየት የነበረብህን ሌላ ሰው አየው። ስምህ እንኳ የለበትም!»

«ያንተ ቶሎ ነው የሚነሳው» አለና ሻይ ጋበዘኝ። ብርጭቆውን በጥፍሩ መታና ጆሮውን አስጠጋ። በደስታው ተናድጄበት ሻዩን ሳልጨርስ ሄድኩ። ያ ሰው እንዴት እንደሚጠላ አያውቅበትም ነበር፤ የመጥላቱን ሥራ ሁሉ ለእኔ ነው የተወልኝ።

መካነ ሰላም ስደርስ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተክሏል። እዚያው ቅርንጫፏ የተቆረጠችው ጥድ አጠገብ ነው። ባነር አለ፣ የታሸገ ውኃ አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ። ቀድሞ ያስተማራቸው ልጆች አድገው፣ አንዳንዱም ልጅ አዝሎ መጥቷል፤ መዲናን ከመካከላቸው አየኋት። ሼሁ ፊት ለፊት መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ሳምኩ። «የቄሱ ልጅ ነህ?» አሉኝ፣ በእጄ አውቀውኝ።

እንድሪስ ወፍሯል። ወደ ማይክሮፎኑ ቀርቦ ወረቀቱን ዘረጋ። ሰይድ «የሳይንስ አባት» ሆነ። ዥዋዥዌው «ከአካባቢ ቁሳቁስ የተዘጋጀ የትምህርት መርጃ» ሆነ። «እኔም በወቅቱ በአመራርነቴ ሙሉ ድጋፍ ሳደርግለት…» ሲል ጥርሴን ነክሼ መሬት መሬቱን አየሁ። ውሸቱን እንኳ ለማሳመር አልደከመም፤ ከሪፖርት የተቀዳ ቃል ነው የደረደረው። ጨርሶም ለስብሰባ በለመደው አፉ «ለዚህ ታላቅ ምሁር ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አለ።

ለሞተ ሰው ማን ያጨበጭባል? አንድም ሰው እጁን አላነሳም። እንድሪስም ያፈረ መሰለና ወረቀቱን አጠፈ።

ከዚያ ከኋላ፣ መዲና ከቆመችበት በኩል፣ አንድ ጭብጨባ ተሰማ። ጠንከር ያለ። ቀጥሎ ለስለስ ያለ። ሌላ እጅ ገባበት፣ ሌላም ገባበት። ያቺው የዥዋዥዌው ጭብጨባ ናት። ቀስ በቀስ ድንኳኑን ሞላችው፤ ያስተማራቸው ልጆች በሙሉ ያንን ምት እንደያዙ ነበር የቆዩት። ሼሁ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ቀና አሉ።

እንድሪስ መጀመሪያ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። ኋላ እጁ ከጎኑ ተነሳ። ማይክሮፎኑ ደረቱ ሥር ስለነበር ከሁላችንም በላይ የሚሰማው የሱ ሆነ። አንዱን ጠንከር፣ አንዱን ለስለስ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትከሻውን ከምቱ ጋር ነቅነቅ እያደረገ፣ አንዴም ሳይስት።

ሼሁ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ይኼ ፊት ሆኖ የሚያጨበጭበው ማነው? ማሻአላህ፣ ያውቅበታል» አሉኝ።

«ጭብጨባውን አላውቀውም ያለው ሰው ነው፣ አባባ» አልኳቸው።